ኤርጎስቴሮል፦ በማሽላ ውስጥ የተሸሸገ ሻጋታ መለያ

በቦኬና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች ማሽላን በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ማኖር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቆየ ልማድ ነው። አፉ በሚገባ የተደፈነ ጉድጓድ አየር ስለሚያጥረው ነቀዝ እንደ ልብ አይራባበትም። ይሁን እንጂ ከግድግዳው የሚሰርገው እርጥበት ለሻጋታ ይመቻል። ጉድጓዱ ሲከፈት በዓይን የሚታየው ሻጋታ ጥቂት ቢሆንም፣ ክር መሰል አካሉ ወደ ፍሬው ዘልቆ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ያልታየው በምን ይታወቃል?

መልሱ የሚገኘው ኤርጎስቴሮል ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1889 ኤርጎት ከሚባል የእህል ፈንገስ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው የመድኃኒት ቀማሚ ሻርል ታንሬ ሲሆን፣ ስሙም የተወሰደው ከዚሁ ፈንገስ ነው። ማንኛውም ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። የሰውና የእንስሳት ሕዋስ ሽፋን ጥንካሬውን የሚያገኘው ከኮሌስትሮል ነው፤ በአብዛኞቹ ፈንገሶች ዘንድ ግን ይህን ተግባር የሚፈጽመው ኤርጎስቴሮል ነው። ዕፅዋትም በበኩላቸው ሌሎች ስቴሮሎች አሏቸው። በመሆኑም ከማሽላ ዱቄት ውስጥ ኤርጎስቴሮል በብዛት ከተገኘ፣ በእህሉ ላይ ፈንገስ ማደጉን ያመለክታል። ዘዴው ለእህል ምርመራ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

ይኸው ልዩነት ለሕክምናም ጠቅሟል። ለጭርት የሚታዘዘው ክሎትሪማዞል ፈንገሱ ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ በማገድ ሽፋኑን ያዳክማል።

ኤርጎስቴሮል ራሱ መርዝ አለመሆኑን ግን መገንዘብ ያሻል። የሚያመለክተው የፈንገሱን መጠን እንጂ የመርዙን አይደለም። አፍላቶክሲንን የመሰለ የሻጋታ መርዝ በሌላ ምርመራ ይለያል፤ በማብሰልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ልኬቱ የተደራጀ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ መምህሩ የነገሩን መነሻ በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። በሁለት ክዳን ባላቸው ብርጭቆዎች፣ በአንዱ ደረቅ፣ በሌላው የረጠበ ማሽላ አድርጎ ተማሪዎች ለውጡን በየቀኑ እንዲመዘግቡ ያደርጋል። የሻጋታው ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ክዳኑ አይከፈትም፤ ሲጠናቀቅም እህሉ ሰውና ከብት በማይደርስበት ስፍራ ይቀበራል። ተማሪው ከዚህ የሚገነዘበውና ለቤተሰቡ ሊያስረዳ የሚችለው ቁም ነገር ግልጽ ነው፦ ሻጋታ ወደ ፍሬው ከዘለቀ በኋላ እፍ ብሎ ወይም አበጥሮ ማስወገድ አይቻልም፤ ስለዚህ ማሽላው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት በሚገባ መድረቅ፣ ጉድጓዱም ውኃ በማይሰርግበት ቦታ መቆፈር አለበት።