ማሽኑ አልሠራ ቢል የማን አገር ሕግ ይዳኛል?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የብዙዎቹ ፋብሪካዎች ማሽን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ጅቡቲ ከመርከብ ይወርዳል፤ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ቃሊቲ ጉምሩክ ተፈትሾ ወደ ፋብሪካው ግቢ ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ባንኩ የኤልሲ (የሌተር ኦፍ ክሬዲት) ሰነዱን፣ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን፣ ጉምሩኩ ዋጋውን ይመረምራል። የፕሮፎርማውን ጀርባ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ የሚናገረው መስመር የሚገኘው፣ ካለ፣ እዚያ በደቃቅ ፊደል ነው።

እንበልና አንድ የአቃቂ ፕላስቲክ ፋብሪካ ከቻይና ማሽን አስመጣ። ተተክሎ ሲሞከር የተባለውን ግማሽ እንኳ አላመረተም። ሻጩ «ኤሌክትሪካችሁ ነው» ይላል፤ ገዢው «ማሽኑ ነው» ይላል። ክፍያው በኤልሲ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ሄዷል፤ ባንክ የሚከፍለው ሰነድ አይቶ እንጂ ማሽን አስነሥቶ አይደለም። ነገሩ ጠበቃ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። ክሱ የት ይቀርባል? ክሱን የሚሰማው ዳኛስ የማንን አገር ሕግ ገልጦ ይፈርዳል? ብዙ ነጋዴ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሆኖም ልደታ ፍርድ ቤት የሚያስችል ዳኛ በውጭ ሕግ ሊፈርድ ይችላል፤ ለንደን የተቀመጠ የግልግል ዳኛም የኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሊጠቅስ ይችላል።

ልዩነቱ ኪስ የሚነካ ነው። ይርጋን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ብቻ እንመልከት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የውል ክስ ጠቅላላ ይርጋ 10 ዓመት ነው፤ የተሸጠ ዕቃ ጉድለት ሲሆን ግን ገዢው ጉድለቱን ለሻጩ ካስታወቀ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱን ያጣል። በቻይና የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ክርክር የተሰጠው ጊዜ 4 ዓመት ነው። በእንግሊዝ ሕግ ለተራ ውል 6 ዓመት። እንግዲህ ሻጩ «ይጠቅመኛል» ብሎ ያስገባው የአገሩ ሕግ ለአቃቂው ገዢ የሚሻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። «የአገሬ ሕግ ምንጊዜም ለእኔ ያደላል» የሚለውን እምነት እኔ አልቀበለውም።

ታዲያ ዳኛው በምን ይመርጣል? እዚህ ላይ የቆየ ክፍተት አለብን። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሲያረቅቁ የተለያዩ አገሮች ሕጎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስን ምዕራፍ አዘጋጅተው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ ግን ያን ምዕራፍ ሳይዝ ወጣ። በ1965 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮበርት ሴድለር በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ ጻፉ፤ መጽሐፍ ግን አዋጅ አይሆንም። በ1988 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. የተሻረው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ይህን የሕጎች ግጭት የሚመለከቱ የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ ክርክሮችን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጠ። ይህም መልስ የሰጠው ለመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ማን እንደሚዳኝ ተናገረ፤ በምን ሕግ እንደሚዳኝ አልተናገረም።

በተግባር ጠበቆች መጀመሪያ የሚይዙት ውሉን ራሱን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ስለሚል፣ ሁለቱ ወገኖች ገዥውን ሕግ ከመረጡ ምርጫቸው ይከበር ብለው ይከራከራሉ። ምርጫው ግን ወሰን አለው። የእንግሊዝ ሕግ ተመረጠ ተብሎ የጉምሩክ ቀረጥ አይቀርም፤ የውጭ ምንዛሪ ደንብ አይታለፍም፤ የቃሊቲ መሬትም በለንደን ሕግ አይተላለፍም።

ምርጫ ከሌለስ? ያኔ ውሉ ከየትኛው አገር ጋር ይበልጥ እንደተሳሰረ ይፈለጋል፦ የት ተፈረመ፣ የት ይፈጸማል፣ ተዋዋዮቹ የት ይኖራሉ። «ሲ ኤፍ አር ጅቡቲ» የሚለው ቃል እዚህ አያድንም፤ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍልና አደጋው መቼ ወደ ገዢው እንደሚሻገር እንጂ ስለ ገዥው ሕግ አንዳች አይልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደንቡ ቁርጥ ያለ ነው፤ ምርጫ ያልተደረገበት የዕቃ ሽያጭ ሻጩ በሚኖርበት አገር ሕግ ይገዛል። አስመጪ ደግሞ ሁልጊዜ ገዢ ነው። ዝም ያለ ውል እዚያ ፍርድ ቤት ከደረሰ ለሻጩ አገር ሕግ እጁን ሰጠ ማለት ነው።

በግልግል ዳኝነት መንገዱ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ገላጋዮቹ ተዋዋዮቹ በመረጡት ሕግ እንዲወስኑ፣ ምርጫ ከሌለ ለጉዳዩ ይበልጥ አግባብ ያለውን ሕግ እንዲይዙ ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት የተፈጸመ አንድ ታሪክ ግን ሊታወስ ይገባል። በአቃቂ በኩል ያልፍ የነበረውን የድሮውን የጅቡቲ ባቡር መስመር ለማደስ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ኮንስታ ከተባለ የጣሊያን ተቋራጭ ጋር ውል ተደርጎ ነበር። ጠብ ተነሣ፤ የግልግል ጉባኤው በባቡር ድርጅቱ ላይ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ፈረደ። ውሉን የሚገዛው የኢትዮጵያ ሕግ ነበርና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 128086 መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ብሎ በ2010 ዓ.ም. ሻረው። አዲሱ አዋጅም ተዋዋዮቹ በስምምነት ካላስቀሩት በቀር የሰበርን በር ክፍት ትቶታል።

አስመጪ ሆይ፣ ኤልሲ ከመክፈትዎ በፊት የፕሮፎርማውን ጀርባ ስካን አድርገው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ባዶ ከሆነ አንድ አንቀጽ ያስጨምሩ፦ «ይህ ውል በዚህ አገር ሕግ ይገዛል፤ ከእሱ የሚነሣ ክርክር በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዳኛ ይታያል።» የአገሩን ስም ከመሙላትዎ በፊት ግን የይርጋውን ጊዜ ጠበቃዎን ይጠይቁ።