ጎርፉ ከላይ፣ ዝገቱ ከውስጥ

«ድሬ ደረቅ አገር ነው፤ እዚህ መኪናን ምን ያዝገዋል አቦ?» ይሉኛል ደንበኞቼ። ግማሹ እውነት ነው። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ፔጆ 404 ባጃጅ በሞላው መንገድ ላይ እስካሁን ታክሲ ሆኖ የሚታየው ፀሐያችንም ስለረዳችው ነው።

ግን የድሬዳዋ ሰው ውሃን ያውቃል። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ይከርምና ከተማው ላይ ሳይዘንብ ከላይ፣ ከደጋው የዘነበው ይወርድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጎርፉ በሌሊት ያደረሰውን ጥፋት አንረሳም። ዝገትም እንዲሁ ነው፤ ሰማይ እያየህ አትጠብቀው።

በቅርቡ አንድ አባት 404 ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ቀለሟን ብቻ አድስልኝ» አሉኝ። ከተበላሸ ስፒከር የፈታሁትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ አዞርኩት። ፓራፋንጎው ላይ ጥብቅ አለ፤ ከስፖርቴሎው፣ ከበሩ ስር ግን ተንሸራቶ ወደቀ። «አባባ፣ እዚህ ጋ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው» አልኳቸው።

በስካርፔሎ ነካ ሳደርገው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ እንደ ደረቅ ጭቃ ተገምሶ ተነሣ። ከስሩ ጣቴን የሚያስገባ ቀዳዳ። ፋብሪካው ውሃ እንዲወርድባቸው በበሩም ከበሩ ስር ባለው አካልም ላይ የተዋቸውን ቀዳዳዎች የቀድሞው ቀቢ ደፍኗቸዋል። በሽቦ ስከፍታቸው አሸዋና ጭቃ ዘረገፉ። መኪናዋ በየእጥበቱ የገባውን ውሃ ስታቁር ኖራለች። 404 ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ አካሉ ነው። ስለዚህ ያ ቦታ ሲበሰብስ የሚጎዳው መልኳ ብቻ አይደለም።

አሮጌ ቀለም ማንሣት ትዕግሥት ይፈልጋል። ኮፋኖ ላይ ፍሌክስ የሚያሯሩጥ ልጅ ሳይ እጁን እይዛለሁ፤ ሰፊና ስስ ላሜራ ሲግል ይጣመማል፣ ተመልሶም በቀላሉ አይቃናም። እንዲህ ላለው ቦታ የቀለም ማስለቀቂያ ቀብቶ በስፓቱላ መግፈፍ ይሻላል። የወንዝ አሸዋ በኮምፕሬሰር መርጨትም ቀላል ይመስላል፤ አቧራው ግን ሳንባ ይበላል። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሲፋቅ አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መሥራት ከራስ ጋር መጣላት ነው።

ልጅ ሳለሁ አንድ በር በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ አሽቼ፣ ላሜራው እስኪያበራ ገፍፌ፣ «ነገ አንቲረስት እቀባዋለሁ» ብዬ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት በሩ የበርበሬ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ጠበቀኝ። ዝናብ አልነበረም፤ ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የገፈፍኩትን በዚያው ቀን አድርቄ፣ በቲነር ጠርጌ፣ አንቲረስት ሳልቀባ ጋራዡን አልዘጋም። የተጠረገውንም በባዶ እጅ አልነካም፤ ላብ ጨው ነው።

የእኚያ አባት መኪና የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደላት፤ ቀዳዳዎቿም ተከፈቱ። ሊወስዷት ሲመጡ ቀለሟን በመዳፋቸው እየዳበሱ «አበራች!» አሉ። እኔ አንድ ኩባያ ውሃ ይዤ በመስተዋቱ ጥግ ወደ በሩ ውስጥ አፈሰስኩ። ደነገጡ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን፤ ከበሩ ስር ጠብ፣ ጠብ አለና እስከ መጨረሻው ወረደ።

ሒሳብ የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው።