ዋት እና ጆሮ፦ በውስን በጀት የአምፕሊፋየርን ኃይል ከቤት ሲኒማ ስፒከሮች ጋር ስለማጣጣም

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የዛሬው ርእሴ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ለሳሎን የቀረበ ነው። አንድ ሰው ጥሩ የቤት ሲኒማ ስፒከሮች ቢያገኝና ኪሱ ግን ውስን ቢሆን፣ ምን ያህል ኃይል ያለው አምፕሊፋየር ሊገዛላቸው ይገባል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ስለ ኤሌክትሪክ ሲግናል እያስተማርሁ በገዛ ቤቴ ተሳስቼበታለሁ። ስለዚህ ገለጻዬን ከስሕተቴ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት፣ ጥቂት በጥቂት ባጠራቀምሁት ገንዘብ፣ በዘመናቸው እጅግ ውድ የነበሩ ያገለገሉ ስፒከሮች ገዛሁ። ይህን ያደረግሁት ስለ አባቴ ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቶ ጆሯቸው ደከም ብሎ ስለነበር፣ ፊልም ሲያዩ ንግግሩ እንዳያመልጣቸው አስቤ ነው። ለአምፕሊፋየሩ የተረፈኝ ገንዘብ ትንሽ ስለነበረ፣ ካርቶኑ ላይ “በቻናል 100 ዋት” የሚል የተጻፈበት ርካሽ ሪሲቨር መረጥሁ።

አንድ ምሽት አባቴ “ልጄ፣ እስኪ ጨምርልኝ” አሉኝ፤ ጨመርሁ። ደግመው “ጨምርልኝ” አሉኝ፤ አሁንም ጨመርሁ። በሦስተኛው ግን “ድምፁ በዛ እንጂ ቃሉ አልተሰማኝም” አሉ። ብዙም ሳይቆይ የመካከለኛው ስፒከር ቱዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ተቃጠለ። መቶ ዋት የተጻፈበት መሣሪያ፣ እስከ 200 ዋት ይችላል የተባለለትን ስፒከር እንዴት ሊያቃጥል ቻለ? አባቴስ ድምፁ እየጨመረ ቃሉ የጠፋባቸው ለምንድን ነው? የዛሬው ገለጻዬ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚሰጥ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የጆሯችን ጠባይ ነው። ጆሮ የኃይልን ጭማሪ የሚመዝነው በልዩነት ሳይሆን በብዜት ነው፤ ድምፅን በሎጋሪዝም፣ ማለትም በዴሲቤል መለካታችን ከዚህ ጠባይ ጋር ይስማማል። ኃይልን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም የሚሰማ፣ ግን መጠነኛ ልዩነት ነው። አድማጭ “አሁን ድምፁ እጥፍ ሆነ” እንዲል በግምት 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ 10 ዴሲቤል ማለት ደግሞ ዐሥር እጥፍ ኃይል ነው። እንግዲህ የ50 ዋቱን ትቶ የ100 ዋቱን ለመግዛት ገንዘብ የሚጨምር ሰው በእጁ የሚገባው ያችው 3 ዴሲቤል ናት።

ሁለተኛው ነጥብ የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ነው። ይህ ቁጥር ስፒከሩ የተወሰነ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ ይናገራል። 88 ዴሲቤል የሚያወጣውን ስፒከር 91 ዴሲቤል በሚያወጣ ብንተካው፣ አምፕሊፋየራችንን በእጥፍ ያሳደግነው ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ መግለጫዎች ላይ መለኪያው የሚወሰደው በ2.83 ቮልት ነው። 2.83 በራሱ ሲባዛ 8 ያህል ይሆናል፤ ለ8 ኦም ሲካፈል 1 ዋት ይሰጣል። ስፒከሩ 4 ኦም ሲሆን ግን ያው 2.83 ቮልት 2 ዋት ይሆናል። የእኔ ስፒከሮች 4 ኦም ነበሩ፤ መግለጫቸው 91 ዴሲቤል ይላል። በ1 ዋት ሲሰላ ግን እውነተኛው ቁጥር 88 ነው። ሦስቷ ዴሲቤል ከአምፕሊፋየሩ በሚቀዳ ተጨማሪ ከረንት የተገኘች እንጂ የስፒከሩ ስጦታ አልነበረችም።

ሠሪዎች ሁሉንም ስፒከር ለምን ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ አይሰጡትም? መልሱ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት፣ ሆፕ በተባለች ከተማ ኩባንያውን ሲመሠርት፣ የሚሠራው በክፍል ማዕዘን የሚቀመጥ ግዙፍ ባለ ቀንድ ስፒከር ነበር። ዘመኑ የቫክዩም ቱቦ ዘመን ስለነበር ዋት ውድ ነበር፤ ያ ስፒከር ግን በጥቂት ዋት ሳሎን ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ኤድጋር ቪልቸር ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ይዞ ብቅ አለ። በአየር በታሸገ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ባስ ማውጣት ተቻለ፤ በምትኩ ሴንሲቲቪቲው ወረደ፤ ስፒከሩም ብዙ ኃይል የሚጠይቅ ሆነ። በአንተን ሆፍማን ስም የሚጠራው “የብረት ሕግ” ነገሩን በአጭሩ ያስቀምጠዋል፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ባስና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ አንድ ላይ አይገኙም፤ ከሦስቱ ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን መተው ግድ ነው። ስለዚህ ትንሽና ባሱ ጥልቅ የሆነ ስፒከር የሚገዛ ሰው፣ ቀሪውን ሒሳብ በአምፕሊፋየር እንደሚከፍል ይወቅ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ለቤት ሲኒማ የተለመደው ማጣቀሻ፣ እያንዳንዱ ዋና ቻናል በአድማጩ መቀመጫ ላይ እስከ 105 ዴሲቤል የሚደርስ ቅጽበታዊ ጫፍ ማውጣት እንዲችል ይጠይቃል። የአባቴ ወንበር ከስፒከሮቹ 4 ሜትር ይርቅ ነበር። ግልጽ ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ1 ሜትር ወደ 4 ሜትር ስንሄድ 12 ዴሲቤል እናጣለን። ስሌቱ 105 ሲደመር 12 ሲቀነስ 88፣ ማለትም 29 ዴሲቤል ነው። ይህን ወደ ኃይል ስንመልሰው 800 ዋት ያህል ይሆናል። ለአንድ ቻናል ማለቴ ነው!

አትደንግጡ። ከማጣቀሻው 10 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ካዳመጣችሁ፣ የሚያስፈልገው ከ800 ወደ 80 ዋት ይወርዳል። በመኖሪያ ቤት ይህም ቢሆን በቂ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በላይ ጎረቤት በር ያንኳኳል። አማካዩ ድምፅ ከጫፉ በ20 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው ብንል፣ በአብዛኛው የፊልሙ ጊዜ ከአምፕሊፋየሩ የምንወስደው 1 ዋት እንኳ አይሞላም። ሰማንያው ዋት የሚፈለገው በር በኃይል ሲዘጋ፣ መስታወት ሲሰበር፣ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ካልተገኘ፣ ችግሩ ይጀምራል።

የእኔም ችግር ይኸው ነበር። በማግሥቱ ሪሲቨሩን ወደ ላቦራቶሪ ወስጄ፣ በስፒከር ፋንታ 4 ኦም ሬዚስተሮች አገናኝቼ በኦሲሎስኮፕ ተመለከትሁት። ድምፁን ሳሳድግ የሞገዱ ጫፍና ጫፍ በመጋዝ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆነ። ሁሉም ቻናሎች በአንድነት ሲሠሩ ከእያንዳንዳቸው ሳይዛባ የሚወጣው 40 ዋት ያህል ብቻ ነበር። የመመሪያውን መጽሐፍ ያን ጊዜ ገና አነበብሁት። በደቃቅ ፊደል እንደተገለጸው፣ “100 ዋት” የተባለው የተለካው አንድ ቻናል ብቻውን ሲሠራ፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎ ሄርዝ ብቻ፣ መዛባቱም 10 በመቶ እስኪደርስ ተገፍቶ ነው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፤ ለእኔ ሳሎን ግን ምንም አይናገርም ነበር።

እንግዲህ ቱዊተሩ ለምን ተቃጠለ? “ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር ያቃጥላል” ሲባል ትሰማላችሁ፤ አባባሉ እንዳለ ከተወሰደ ትክክል አይደለም። በልኩ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ነው። አንድ ሳይን ሞገድ ጫፉ እየተቆረጠ ወደ አራት ማዕዘን ሞገድ ሲጠጋ፣ ከፍታው ሳይጨምር አማካይ ኃይሉ እስከ እጥፍ ያድጋል። በላዩ ላይ፣ የተቆረጠ ሞገድ በዋናው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ከፍተኛ ድግግሞሾችን ይወልዳል። እነዚህ የሚያመሩት ወደ ቱዊተሩ ነው፤ የቱዊተሩ ጥቅል ሽቦ ደግሞ እጅግ ቀጭን ስለሆነ የሚችለው አማካይ ኃይል ጥቂት ነው። ስፒከሩ ላይ የተጻፈው 200 ዋት ለመላው ስፒከር እንጂ ለቱዊተሩ ብቻ የተሰጠ ዋስትና አልነበረም።

የአባቴም ቅሬታ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣው ከፍተኛውን ድግግሞሽ ነው፤ እንደ “ሰ”፣ “ሸ” እና “ፈ” ያሉ ተናባቢዎች የሚለዩትም በአመዛኙ በዚያ ክልል ነው። የሞገዱ መቆረጥ እነዚህን ስስ ድምፆች በጩኸት ይሸፍናቸዋል። ድምፁ በዛ፤ ቃሉ ጠፋ። እኔ ከኦሲሎስኮፕ ያየሁትን አባቴ በጆሯቸው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

ገንዘብ ለሌለው ሰው መፍትሔው ምንድን ነው? ገንዘብ ከማይጠይቀው ልጀምር። ወንበሩን ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር አቀረብሁት። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ በስሌቱ 6 ዴሲቤል እናተርፋለን፤ ይህም 80 ዋቱን ወደ 20 ዋት ያወርደዋል። በክፍል ውስጥ ከግድግዳ የሚመለስ ድምፅ ስላለ ትርፉ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በተመላሹ ላይ ስለሚያይል ንግግር ይጠራል። ቀጥሎ በሪሲቨሩ ማስተካከያ፣ ንግግሩ የሚወጣበትን የመካከለኛውን ቻናል ብቻ በ3 ዴሲቤል ከፍ አደረግሁ።

ሁለተኛው እርምጃ ባሱን ከዋናው አምፕሊፋየር ትከሻ ማውረድ ነው። የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሰብዉፈር ካላችሁ፣ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ ወደ እርሱ ምሩት። ከሁሉ ይልቅ ኃይል የሚበላው ባስ ስለሆነ፣ ሪሲቨሩ እፎይ ይላል።

ሦስተኛው፣ ገንዘብ ሲገኝ፣ ሪሲቨሩን አለመጣል ነው። ፕሪአውት የሚባል መውጫ ካለው፣ ለፊት ቻናሎች ብቻ 4 ኦም የሚችል፣ ያገለገለ የኃይል አምፕሊፋየር መጨመር ይቻላል። ለኬብልም አትጨነቁ። የቤት ሶኬት የሚዘረጋበት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ርቀት ደርሶ ሲመለስ ሬዚስታንሱ 0.14 ኦም ያህል ነው፤ ለ4 ኦም ስፒከር ይህ ከበቂ በላይ ነው።

አዲስ አምፕሊፋየር የምትገዙ ከሆነ ግን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ዋቱ የተለካው በስንት ኦም ነው? በየትኛው የድግግሞሽ ክልል? በስንት በመቶ መዛባት? ስንት ቻናል አብሮ እየሠራ? እነዚህ ጥያቄዎች የእኔ ፈጠራ አይደሉም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 የአምፕሊፋየር ኃይል አገላለጽን የሚገዛ ደንብ ያወጣው ሻጮች ቁጥሩን እንደፈለጉ ስለሚያወጡት ነበር፤ በ2024 ደግሞ ደንቡን አሻሽሎታል። እንዲህ ያለ ደንብ በማይደርስበት ገበያ ላይ ጠያቂው ገዢው ራሱ ነው። የስፒከሩንም ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ እዩ። በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት 4 ኦም የተባለ ስፒከር እስከ 3.2 ኦም ሊወርድ ይችላል።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። ስሌቱ የሚጀመረው ከአምፕሊፋየሩ ካርቶን ሳይሆን ከአድማጩ ወንበር ነው። መጀመሪያ የምትፈልጉት የድምፅ መጠን፣ ቀጥሎ ርቀቱ፣ ቀጥሎ ሴንሲቲቪቲውና ኢምፒዳንሱ፤ ዋት የመጨረሻው መልስ ነው። እኔ ከመጨረሻው ስለጀመርሁ የብዙ ወር ቁጠባዬን ለተቃጠለ ቱዊተር መተኪያ ከፈልሁ።

አባቴ ግን ወንበራቸው ከቀረበ በኋላ “ጨምርልኝ” ማለታቸውን ተዉ። እንዲያውም አንድ ምሽት “ቀንሰው፣ ይበቃል” አሉኝ።

አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።