«የሥራ አጥ ብር» ከማን ይጠየቃል?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ከፋብሪካ ተሰናብቶ ለወጣ ሠራተኛ መካሪ አይጠፋም። የግቢው ጥበቃ ይመክረዋል፣ ጎረቤት ይመክረዋል፣ ቀድሞ የተባረረ ባልደረባም ይመክረዋል። ምክሩ ከቅንነት ቢሆንም ግማሹ የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ብር ያስቀራል።

«ለሥራ አጥ መንግሥት ይከፍላል» የሚለው ወሬ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች የመጣ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። ከደመወዝ የሚቆረጠው 7 ከመቶ፣ አሠሪው ከሚጨምረው 11 ከመቶ ጋር የጡረታ መዋጮ ነው። ሥራ ያጣ ሰው የሚጠይቀው የቀድሞ አሠሪውን ነው፤ የሚጠይቀውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው።

«የስንብት ክፍያ ለማንም ይሰጣል» የሚለውም ልክ አይደለም። በከባድ ጥፋት በሕጉ መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የተሰናበተ አያገኝም። 5 ዓመት ሳይሞላው፣ በደል ሳይደርስበት፣ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀም እንዲሁ። ድርጅቱ የተዘጋበት፣ በሠራተኛ ቅነሳ የወጣ ወይም ያለአግባብ የተባረረ ግን ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያው ሲሶ ይታሰባል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በወር 6,000 ብር እየተከፈላት 4 ዓመት የሠራች ሴት 12,000 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። የወጣችው በቅነሳ ከሆነ የሁለት ወር ደመወዝ ይጨመርላታል።

«ወረቀቱ ላይ ፈርሜያለሁ፣ አለቀልኝ።» አላለቀም። ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ መተዉ ዋጋ የለውም። ይልቅ የስንብት ደብዳቤውን፣ የሥራ መታወቂያውንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ አንድ ላይ ያስቀምጥ።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ «ኤች አር ‹በሚቀጥለው ሳምንት ና› ብሎኛል» የሚለው ነው። የቃል ቀጠሮ ይርጋን አያቆምም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይታገዳል። ሥራውን ፈልጎ 4 ወር በትህትና የጠበቀ ሰው የቀረለት ክፍያ መጠየቅ ብቻ ነው። ይርጋውን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ ነው፤ አሠሪውም ዕዳውን በግልጽ ካመነ ይቋረጣል። ስለዚህ አቤቱታ ሲገባ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን ማስመታት ነው።

ፍርድ ቤት ገንዘብ ይበላል ለሚሉ፦ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም። ወጪው ደጅ ላይ ለተቀመጠው ራፖር ጸሐፊና ለትራንስፖርት ነው።

ይግባኝም የራሱ ቀን አለው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ከፈረደበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። «ግልባጩ ሲደርሰኝ እቆጥራለሁ» ማለት አደገኛ ነው፤ ግልባጩን ፍርዱ በተሰጠበት ዕለት መጠየቅ ይሻላል። የይግባኙ ፍርድ የመጨረሻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ችሎት የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ብቻ ነው፤ አዲስ ምስክር ይዞ የሚሄድ ሰው የሚሰማው አያገኝም።