የሠሪው ስም፦ ሸክላና መስታወት በዘመናችን የጥበብ መድረክ

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በእጁ የነበሩ ሁለት የሸክላ ጋኖች ለሠሪው ዘሮች እንደሚገቡ ተስማማ። ሠሪው ዴቪድ ድሬክ ነው፤ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ኤጅፊልድ በሚባል አካባቢ በባርነት የኖረ ሸክላ ሠሪ። ጋኖቹ የተሠሩት በ1857 ነው። ዘሮቹ አንዱን ለሙዚየሙ በውሰት ተዉለት፤ ሌላውን ሙዚየሙ ከእነርሱ መልሶ ገዛው። በባርነት የተያዘ ሰው የሠራው ሥራ ያለ ፈቃዱ የተወሰደበት ንብረት ነው የሚለው ሐሳብ በአንድ ትልቅ ሙዚየም መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ሸክላና መስታወት በዓለም የጥበብ መድረክ ክብር እያገኙ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ዜና ይህ ነው።

ድሬክ ጭቃው ሳይደርቅ በጋኑ ትከሻ ላይ «ዴቭ» ብሎ ስሙን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም ባለሁለት መስመር ግጥም ይጭር ነበር። ግዛቲቱ ለባሮች ማንበብና መጻፍ ማስተማርን በ1834 በሕግ ከለከለች፤ ግጥም ከተጻፈባቸው ታዋቂ ጋኖቹ የመጀመሪያው የተሠራውም በዚያው ዓመት ነው። ትልልቆቹ 150 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። የቺካጎው አርቲስት ቲያስተር ጌትስ፣ ራሱ በጃፓን ቶኮናሜ ሸክላ የተማረ ሰው፣ በ2010 በሚልዋኪ የጥበብ ሙዚየም ሙሉ ትርዒት ለድሬክ ሰጠ። በ2022 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የኤጅፊልድን ጥቁር ሸክላ ሠሪዎች ከዛሬዎቹ አርቲስቶች ጎን አቀረበ። ከእነዚህ አንዷ ሲሞን ሊ ናት። በዚያው ዓመት በቬኒስ ቢየናሌ የጥበብ ትርዒት አሜሪካን የወከለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፣ የትርዒቱን የወርቅ አንበሳ ሽልማትም ወሰደች። ሽልማቱን ያስገኘላት ሐውልት ነሐስ ቢሆንም እጇ የሠለጠነው በሸክላ ነው።

ሸክላ ክብር ማግኘቱን የሚያሳዩ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። እንግሊዛዊው ግሬሰን ፔሪ በ2003 የተርነርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሸክላ ሠሪ ነው። ለእጅ ጥበብ የሚሰጠው የሎዌ ሽልማት በ2023 ለጃፓናዊቷ ኤሪኮ ኢናዛኪ፣ በ2024 ለሜክሲኳዊው አንድሬስ አንሳ፣ በ2025 ለጃፓናዊው ኩኒማሳ አኦኪ ሲደርስ ሦስቱም ያሸነፉት በሸክላ ነው። በኬፕታውን አንዲሌ ድያልቫኔና ዚዚፎ ፖስዋ የኮሳ ሕዝብን ባሕል በግዙፍ ሸክላ ይሠራሉ። ኮሪያዊቷ ዪ ሱክዩንግ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች ጉድለት አይተው የሰባበሯቸውን ዕቃዎች ገል ሰብስባ በወርቅ ታጋጥማለች።

በእኔ ዓይን የዚህ ሁሉ ቁንጮ ግን ማግዳሊን ኦዱንዶ ናት። በ1950 ናይሮቢ ተወልዳ በ1971 ወደ እንግሊዝ ሄደች። እጇን የፈታላት ትምህርት የተገኘው ግን ናይጄሪያ፣ ዛሬ ሱሌጃ በሚባለው በቀድሞው አቡጃ ነው። እዚያ እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ላዲ ኳሊ የምትባል ታላቅ ባለሙያ ነበረች። ካርዲው የላዲን እንስራዎች መጀመሪያ ያየው በአካባቢው አሚር ቤት ሲሆን፣ በ1954 ወደ ማሠልጠኛው ገባች። ዛሬ ምስሏ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ አለ። አንዲት ሸክላ ሠሪ በአገሯ ገንዘብ ላይ መታተሟ ከየትኛውም የቬኒስ ሽልማት ይልቅ ያስደስተኛል።

ኦዱንዶ መንኮራኩር አትጠቀምም። አንድ ጉብታ ጭቃ ወስዳ መሐሉን በእጇ ትከፍታለች፤ ጥቅል ጭቃ እየደረበች ግድግዳውን ታሳድጋለች፤ በቅል ስባሪ ትፍቀዋለች። ሲጠነክር በድንጋይ ትወለውለዋለች፣ በቀጭን የጭቃ ውሃ ትቀባዋለች፣ ደግማ ትወለውለዋለች። ላዩ የሚያበራው በግሌዝ፣ ማለትም በመስታወት መሰል ሽፋን፣ ሳይሆን በዚህ ውልወላ ነው። አየር እንደ ልብ በሚገባበት እቶን ሲተኮስ ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ አየር ተነፍጎት በእንጨት ጭስ ታፍኖ ዳግመኛ ሲተኮስ ይጠቁራል። ጀበና ሲጠቁር ያየ አንባቢ ይህን ሁለተኛ እሳት ወዲያው ይለየዋል።

ስለ ሠሪው ስም ከተነሣ ቻይናዊውን አርቲስት አይ ዌይዌይን ማለፍ አይቻልም። በ2010 በለንደኑ ቴት ሞደርን አዳራሽ 100 ሚሊዮን የፖርሴሊን የሱፍ ፍሬ አነጠፈ። እያንዳንዱን ፍሬ የጂንግደጀን ከተማ ባለሙያዎች፣ 1,600 ያህል ሰዎች፣ ከሁለት ዓመት በላይ ወስደው በእጃቸው ቀቡ። ተመልካች እንዲራመድበት ታስቦ ነበር፤ የሸክላው አቧራ ለጤና ስላሰጋ በቀናት ውስጥ ተከለከለ። ሥራው ያስደምመኛል፤ ፍሬዎቹ ተመሳሳይ እየመሰሉ አንዱ ከሌላው መለየቱ ብዙ ይናገራል። ባለሙያዎቹም ተከፍሏቸዋል፣ በአዳራሹ በነበረው ፊልም ታይተዋል። ፊርማው ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህ ይቆረቁረኛል። ያው አርቲስት በ1995 የሃን ዘመን ማሰሮ ጥሎ ሲሰብር ራሱን ፎቶ አስነሣ። በ2014 ደግሞ የማያሚ ነዋሪ የሆነ አርቲስት፣ የከተማው የጥበብ ሙዚየም የአካባቢውን ሠዓሊዎች ረስቷል ብሎ፣ እዚያ ለእይታ የቀረበውን አይ ዌይዌይ ቀለም የቀባውን ማሰሮ በተራው ሰበረ። የመስበር መብት የማን ነው በሚለው ላይ ብዙ ተከራከሩ። ማሰሮውን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ስለሠራው ሰው በዚያ ሁሉ ክርክር የተነሣ ነገር አላየሁም።

መስታወት ላይ የሠሪው ስም ጥያቄ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ የጋለ መስታወት ብቻውን የሚነፋ ሰው ጥቂት ነውና። በ1962 ሃርቪ ሊትልተን በአሜሪካ በቶሌዶ የጥበብ ሙዚየም ትንሽ እቶን አቁሞ፣ አርቲስቱ ያለ ፋብሪካ ራሱ መንፋት እንደሚችል ማሳየት ጀመረ። የሊትልተን ተማሪ የነበረው ዴል ቺሁሊ ግን ወደ ቡድን ተመለሰ። በ1976 በመኪና አደጋ ግራ ዓይኑን አጣ፣ በ1979 ትከሻው ወለቀ፤ ከዚያ ወዲህ እሱ ይነድፋል፣ ሌሎች ይነፋሉ። ቼኮቹ ሊቤንስኪና ብሪህቶቫ፣ ባልና ሚስት፣ በቅርጽ ውስጥ ያፈሱትን መስታወት በሁለቱም ስም ማቅረባቸውን አከብራለሁ።

ቬኒስ በ1291 እቶኖቿን ወደ ሙራኖ ደሴት አዛውራ የሙያውን ምሥጢር ለዘመናት ስትጠብቅ ኖራለች። ሙራኖ ተወልዶ ከልጅነቱ እቶን ሥር ያደገው ሊኖ ታልያፒዬትራ በ1979 ዋሽንግተን ግዛት ወዳለው ፒልቸክ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚያውቀውን አስተማረ። በአገሩ ቅር የተሰኙበት ነበሩ፤ እኔ ግን ትክክል አደረገ እላለሁ። ምሥጢር ለጠባቂዎቹም ዋስትና አልሆነም፦ በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲንር ቀንና ሌሊት መንደድ ያለባቸው የሙራኖ እቶኖች አንዳንዶቹ ጠፉ። ከፒልቸክ ሰዎች ፕሬስተን ሲንግልተሪ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የትሊንጊት አያቶቹን ቅርጾች በተነፋ መስታወት ላይ በአሸዋ ግፊት ይቀርጻል። አሜሪካዊው አርቲስት ፍሬድ ዊልሰን ደግሞ በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ ሙራኖ ያሠራውን ጥቁር የጣሪያ መብራት ሰቅሎ፣ በከተማዋ ሥዕሎች ጥግ የተረሱትን ጥቁሮች አስታወሰ። ኦዱንዶም በ2014 ከአንዲት የጥንት ግብጽ የጆሮ ጌጥ ተነሥታ 1,001 የመስታወት ቁራጮችን አንጠልጥላለች።

በእኛ አገር የመስታወት ሥራ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ገደማ ሥራቸው፣ አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2024 ሲከፈት እንደገና ለእይታ በቅቷል።

ሸክላችን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሰድብን የሚያስጠነቅቅ አዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸው ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባለች፣ በጀበናዋ ግን ቡና ሲፈላ ኖሯል፤ የአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ከጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤል ሴቶች አንበሳን፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብን፣ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን በጥቁር ሸክላ እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ዕቃው የሚጠራው በሠሪዋ ስም ሳይሆን፣ እነርሱ ራሳቸው በማይወዱት «ፈላሻ» በሚለው ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ ላይ ዛሬም እነዚያው ምስሎች በዚያው ቃል ይሸጣሉ፤ ጭቃውን የሚያቦኩት ግን በአብዛኛው ሌሎች ሴቶች ናቸው፤ የእነርሱም ስም አልተጻፈበትም።