የጥይት ምቶች ለምን ይበታተናሉ? በተኩስ ሜዳ የስሕተትን ምንጭ የመለየት ዘዴ

በ50 ሜትር የጠመንጃ ተኩስ ውድድር የዒላማው የ10 ነጥብ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለሆነም ምቶች በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲበታተኑ የተወዳዳሪው ውጤት ወዲያውኑ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚታየው የተለመደ ምላሽ ማነጣጠሪያውን ማዞር፣ ጥይቱን መለወጥ ወይም ጠመንጃውን መውቀስ ነው። ሆኖም የችግሩ ዓይነት በበቂ ምቶች ሳይለካ የሚደረግ ማስተካከያ ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳ ይችላል።

በመጀመሪያ ሁለት ስሕተቶችን መለየት ያስፈልጋል። ምቶቹ ተቀራርበው ከመሀል ርቀው ካረፉ ስሕተቱ ቋሚ ነው፤ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል ይታረማል። ምቶቹ በመሀሉ ዙሪያ ከተበተኑ ግን ስሕተቱ ዘፈቀዳዊ ነው፤ ማነጣጠሪያው የምቶቹን ማእከል ከማዛወር በቀር ስርጭቱን አያጠብም። እንዲያውም ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ምቱ በሳተበት ልክ ማነጣጠሪያውን የሚያዞር ተኳሽ የዘፈቀዳዊውን ስርጭት ቫርያንስ በእጥፍ ያሳድገዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የናሙና መጠን ነው። ስርጭቱ ኖርማል፣ መደበኛ ልይይቱም በአግድምም ሆነ በቁም 4 ሚሊ ሜትር ነው ቢባል፣ በጣም በተራራቁት ሁለት ምቶች መካከል የሚጠበቀው አማካይ ርቀት በ3 ምቶች 10፣ በ5 ምቶች 12፣ በ10 ምቶች 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህም በላይ የ5 ምቶች ልኬት ራሱ ከአማካዩ ሩብ ያህል ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በመሆኑም አንዱ ዙር 9፣ ቀጣዩ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን በጠመንጃውም ሆነ በተኳሹ ላይ አንዳች ነገር ተለውጧል ለማለት አያስደፍርም።

የስርጭቱ ቅርጽ ጠቋሚ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በአግድም መዘርጋቱ ነፋስን ወይም የቃታ አሳሳብን ሊያመለክት ይችላል። በቁም መዘርጋቱ ደግሞ ከአተነፋፈስ ወይም ከጥይቱ ፍጥነት መለዋወጥ ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ በሰከንድ 320 ሜትር ገደማ የሚጓዝ የ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ፍጥነቱ በ10 ሜትር ቢቀንስ በ50 ሜትር ርቀት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ምቶቹ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ከተሰበሰቡ የላላ ማነጣጠሪያ ወይም የሰደፍ ብሎን ሊኖር ይችላል።

ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብሎኖቹ ይታያሉ። ቀጥሎ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ ይተኮሳል፤ ስርጭቱ በግልጽ ከጠበበ ትኩረቱ ወደ ተኳሹ አቋም፣ ካልጠበበ ወደ መሣሪያውና ወደ ጥይቱ ይዞራል። ሁለት የጥይት ዓይነቶች ሲነጻጸሩ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከመጀመር ይልቅ ማፈራረቅ ይሻላል፤ አለበለዚያ የነፋሱ ለውጥና የተኳሹ ድካም ከጥይቱ ልዩነት ጋር ይቀላቀላሉ። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይገባል። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የለወጠ ተኳሽ ውጤቱ ቢሻሻል እንኳ የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ፍተሻውን እንደ አዲስ ይጀምራል።