ዲስክን በኔትወርክ ማጋራት፦ ለአጣዬ የሚበጀው ሶፍትዌር የትኛው ነው?

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የይፋቷ ከተማ አጣዬ በጥቃት ስትወድም ብዙ መኖሪያ ቤቶችና የንግድ ተቋማት ተቃጥለዋል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የተቀመጠ መዝገብ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል የይፋት ሰው አይነገረውም። ስለዚህ በአካባቢው ያለ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ተቋም ወይም ማኅበር ፋይልን በፍላሽ ማመላለሱን ትቶ የጋራ ሰርቨር ሲያቆም፣ ሶፍትዌሩን በጥንቃቄ ሊመርጥ ይገባል።

መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ፋይል ማጋራት ሲሆን ብዙ ሰው አንድን ማኅደር በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤንኤፍኤስ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች መካከል ያገለግላል። አውስትራሊያዊው አንድሪው ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሳምባ ደግሞ የሊኑክስ ሰርቨርን ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር ያግባባል፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ሁለተኛው ዲስኩን ራሱን ማጋራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መስፈርቱ የጸደቀው አይስካዚ የዲስክ ትእዛዞችን በተራው ኔትወርክ ያስተላልፋል፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር ዲስኩን እንደ ራሱ ያየዋል። ለዳታቤዝና ለምናባዊ ሰርቨሮች ይመቻል። ሆኖም ሁለት ኮምፒውተሮች በተራ የፋይል ሥርዓት በአንድ ዲስክ ላይ ከጻፉ መረጃው ይበላሻል።

በሊኑክስ ለአይስካዚ አገልግሎት የሚውሉ በርካታ ፕሮግራሞች አሉ። አይኢቲ አርጅቷል። ቲጂቲ ቀላል ነው። ኤስሲኤስቲ ጠንካራ ቢሆንም ከሊኑክስ ከርነል (ከሥርዓቱ እምብርት) ውጭ ስለሚኖር ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ክትትል ይፈልጋል። ኤልአይኦ እ.ኤ.አ. በ2011 ከርነሉ ውስጥ ስለገባ፣ አዲስ ለሚጀምር ሰው ቀዳሚው ምርጫ እሱ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2012 እትሙ ጀምሮ የራሱን የአይስካዚ ፕሮግራም ይዞ መጥቷል።

ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈልግ ባለሙያ በድረ ገጽ የሚታዘዙ ዝግጁ ሥርዓቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሪናስ ተብሎ የተጀመረው ትሩናስ ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ይጠቀማል፤ የተበላሸ መረጃን ይለያል፣ የቀድሞ ቅጂን ይመልሳል። ኦፕንሚዲያቮልት ደግሞ በአነስተኛ ማሽን ላይ ይሠራል።

በፍጥነት ብቻ መምረጥ አያዋጣም፤ የአንድ ጊጋቢት መስመር በሰከንድ ከ125 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ወሳኙ መብራት ነው። ሰርቨሩ ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ይዞ “ጽፌያለሁ” የሚል ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ያ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ይህ አሠራር ይዘጋ፤ ዩፒኤስም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ይደረግ። ዲስኮችን የሚያጣምረው ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ከእሳት ግን አያድንም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት ሳምባ በኦፕንሚዲያቮልት ላይ ይበቃል፤ በርካታ ሰርቨር ላለው ተቋም ኤልአይኦ ወይም ትሩናስ ይሻላል። የትኛውንም ብትመርጡ፣ በየሳምንቱ አንድ የተመሰጠረ ቅጂ ከከተማው ውጭ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ፣ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔት ከሌለም በዲስክ ላኩት።